ምስክር የሌለው ተጫዋች አይሰለፍም

ብዙ ልጆች «እናንተ ሰባተኞች በእረፍት ሰዓት ዴስክ ከባችሁ በቆርኪ የምትጨቃጨቁት ምንድነው?» እያሉ ይጠይቁናል። አንዳንዱ ቁማር ይመስለዋል። ቁማር አይደለም፣ ኳስ ነው። ግን ስለ አርሴናልና ስለ ማንቼ አይደለም፤ እሱንማ ታክሲ ውስጥም ይጨቃጨቁበታል። የኛ ክርክር ሜዳ ላይ ተገናኝተው ስለማያውቁ ተጫዋቾች ነው። ገሚሶቹ ሞተዋል፣ ገሚሶቹ አርጅተዋል፣ ገሚሶቹ ዛሬም ይጫወታሉ። እኛ ግን ሁሉንም በጥሩ ዕድሜያቸው ጠርተን ዴስክ ላይ እናሰልፋቸዋለን።

ነገሩ የተጀመረው በሜዳ እጦት ነው። ከብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች ሲወረድ እኛ የምንጫወትባት አንዲት ሜዳ ነበረች። ሜዳ ስላችሁ ደግሞ ሳር ምናምን እንዳይመስላችሁ። በአንድ በኩል ያዘመመች፣ ክረምት ላይ ጭቃ፣ በጋ ላይ አቧራ፣ ጎሏም ሁለት ድንጋይ። ቁልቁል የሚያጠቃ ቡድን ሁልጊዜ ስለሚያሸንፍ መጀመሪያ ሳንቲም የምንጥለው ለኳሱ ሳይሆን ለቁልቁለቱ ነበር። ባለፈው ዓመት በቆርቆሮ ታጠረች። አሁን ሲሚንቶና አሸዋ የጫነ መኪና ነው የሚገባባት። መንገድ ላይ እንዳንጫወት መኪናው፣ ግቢ ውስጥ እንዳንጫወት አከራዩ። ስለዚህ ወረቀት ላይ ገባን።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ከባለ ካሬ ደብተር መሃል ሁለት ገጽ ይገነጠልና ሜዳ ይሰመርበታል። ሁለት አሰልጣኝ፣ አንድ ዳኛ። እያንዳንዱ አሰልጣኝ አስራ አንድ ቆርኪ ይዞ በየቆርኪው ጀርባ የተጫዋቹን ስም በእስክሪብቶ ይጽፋል። ከዚያ በተራ አምስት አምስት ጊዜ ያጠቃሉ። አጥቂው «ኳሱን ከዚህ ወደዚህ አሻግራለሁ፣ እገሌ ይሮጣል» እያለ ቆርኪውን ይገፋል፤ ተከላካዩ «በዚህ እዘጋዋለሁ» ይላል። ጎል ነው አይደለም የሚለውን ዳኛው ይወስናል። ዳኛችን የክፍላችን ልጅ ናት። የሴቶች ቡድን በረኛ ስለሆነች ማንም «አይገባሽም» ሊላት አይደፍርም። እሷ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምታውቀው፦ «ማን ነው የሚይዘው?»

በመጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ሁሉ ተረት ተረት ሆኖ ነበር። አንዱ ልጅ ማንም የማያውቀውን የድሮ ተጫዋች ያመጣና «ይሄ ሰውዬ ኳስ ሲመታ መረብ ይቀዳል» ይላል። ሌላው ደግሞ «የኔ ከመሃል ሜዳ ያገባል» ይላል። ዳኛችን ተናደደችና ሕግ አወጣች። አንድን ተጫዋች ለማሰለፍ ወይ ሲጫወት ያየ ሰው፣ ወይ የተጻፈ ነገር፣ ብቻ አንድ ምስክር ያስፈልጋል። ምስክር የሌለው ተጫዋች አይሰለፍም። ይቺ ሕግ ጨዋታውን ሁሉ ለወጠችው። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ለመጫወት መጠየቅ፣ ማንበብ፣ ትልልቅ ሰዎች ጋር ቁጭ ማለት ግድ ሆነ። በእውነት ለማኅበራዊ ሳይንስ ፈተና እንደዚያ አንብቤ አላውቅም (መምህር ይቅርታ)።

ሁሉም ልጅ ሜሲን ይፈልጋል። ፔሌን ይፈልጋል። ማራዶናን ይፈልጋል። አንድ ቀን ሁለት ልጆች ለሜሲ ሲጣሉ ቆርኪው ጠፋ። እኔ ያን ጊዜ «ውሰዱት፣ እኔ በሙሉ ከኢትዮጵያ ነው የማሰልፈው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። «ስንት ለዜሮ ይሁንልህ?» አለኝ የቅርብ ጓደኛዬ። የሰማሁት ሳቅ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኔን ብቻ አይደለም የሳቁት። የምስቅበትም የማለቅስበትም ጠፍቶኝ ቤቴ ገባሁ።

ቤት ውስጥ አንድ ምስክር ነበረኝ። አያቴ። አባባ በ1954 ዓ.ም. ልጅ ነበር፣ ከኔ ትንሽ ከፍ ያለ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ስታዲየም ለመግባት ገንዘብ አልነበረውም። የፍጻሜው ቀን እሁድ ጥር 13 ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ሄዶ ከግንቡ ውጪ ቆመ። «ታዲያ አባባ፣ ካላየህ ምን ምስክር ትሆናለህ?» ስለው «አንተ ልጅ፣ እኔ ጨዋታውን በጆሮዬ ነው ያየሁት» አለኝ። ግብፅ ስታገባ ውስጡ ጭጭ ይላል። እኛ ስናገባ ግንቡ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ጭጭ አለ። ብዙ ቆይቶ ግንቡ ተንቀጠቀጠ፤ አንድ ለአንድ። ጩኸቱ ሳይበርድ እንደገና ጭጭ። «ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳትም» ይላል። ከዚያ ሊያልቅ ሲል ሁለተኛው ጩኸት መጣ። ተጨማሪ ሰዓት ተሰጠ፣ ሁለት ጩኸት ተጨመረ። አራት ለሁለት።

በተጨማሪ ሰዓት ያገቡት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በረኛው ጊላ ሚካኤል ተክለማርያም ነበር። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ። እነዚህን ስሞች በካሬ ደብተሬ ጀርባ ጽፌ በማግስቱ ይዤ ሄድኩ።

ጓደኛዬ ግን ዝም የሚል ልጅ አይደለም። «አራት ቡድን ብቻ እኮ ነው የተወዳደረው!» አለ። እውነቱን ነው። ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና ግብፅ ብቻ ነበሩ። እኛም ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው ያሸነፍነው፣ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅንም 4 ለ 2። ግን ግብፅ ማን ነበረች? የመጀመሪያዎቹን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች የበላች። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በፍጻሜ እኛኑ 4 ለ 0 የቀጣች። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ4 ለ 0 ወደ 4 ለ 2 መገልበጥ ቀላል አይደለም። ዳኛችን «ተቀባይነት አለው» አለች።

ሁለተኛው ክርክር ከበድ ያለ ነበር። አንድ ልጅ «ሉቻኖና ኢታሎ እኮ ስማቸውም ጣሊያን ነው፣ የተወለዱትም አስመራ ነው፤ የኛ አይደሉም» አለ። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት። ያኔ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ነበረች። ሉቻኖ ድሬዳዋ መጥቶ ለኮተን ተጫውቷል፣ የብሔራዊ ቡድኑን ማሊያ ለብሶ አምበል ሆኗል፣ በኋላም ጣሊያን ሄዶ ኖሯል። ይሄን ነገር አባባን ስጠይቀው ትንሽ ዝም ብሎ «እኛ ከግንቡ ውጪ ሆነን ስንጮህ የአባቱን ስም አልጠየቅንም» አለኝ። እኔም ክፍል ውስጥ ይችኑ ደገምኳት። የሳቀ የለም። በኔ አስተያየት አንድ ሰው ላንተ ሀገር ዋንጫ ካነሳ በኋላ «የኔ አይደለህም» ማለት ነውር ነው። ሌላው ልጅ አሁንም አልተስማማም፤ መብቱ ነው።

አሁን ወደ ቡድኔ ልግባ።

አሰላለፌ 4-3-3 ነው። በረኛ ጊላ ሚካኤል። መሃል ተከላካይ ደጉ ደበበና አይናለም ኃይሉ፣ ሁለቱም በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ የሄዱት። ምስክሬ አባቴ ነው። ቀኝ ሱሌማን ሀሚድ። ግራ... ስለ ግራው በኋላ እነግራችኋለሁ። አማካይ ላይ ሦስት ሰው፦ ከኋላ ጋቶች ፓኖም፣ ከፊቱ ሉቻኖና ሽመልስ በቀለ። አጥቂ ኢታሎ፣ ሳላዲን ሰይድና መንግሥቱ ወርቁ። መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊሱ ነው፤ በአፍሪካ ዋንጫ ብቻ 10 ጎል አለው። ከነጭራሹ ስሙን ያልሰማ ተማሪ ካለ ዛሬ ይስማ። ተቀያሪ ላይ አቡበከር ናስር አለ፤ በ2013 የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል ያገባው። አዳነ ግርማ፣ ጌታነህ ከበደ፣ ፍቅሩ ተፈራም አሉ። ፍቅሩን ማንም አላመነኝም ነበር። የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር፣ በ2007 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። ሕንዶች ሊጋቸው ስንት ዓመት ቢቆይ የመጀመሪያዋን ጎል ታሪክ ሲያወሩ የኛን ሰው ስም ነው የሚጠሩት። ዳኛችን ራሷ ፈልጋ አረጋገጠች።

አሰልጣኙ እኔ ብሆንም የቡድኑ አለቃ ይድነቃቸው ነው። እሳቸው መጀመሪያ ለጊዮርጊስ ተጫወቱ፣ ከዚያ አሰልጣኝ ሆኑ፣ ከዚያም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። እሳቸውን ቆርኪ ላይ መጻፍ ስለከበደኝ ስማቸውን የደብተሩ ራስጌ ላይ ጻፍኩት።

በዚህ ቡድን ውስጥ አንድ የማልደራደርበት ሕግ አለኝ። እስከ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ድረስ ሁሉንም ቅያሪ አልጨርስም። ይሄን ያስተማረኝ በተወለድኩበት ዓመት የሆነ ነገር ነው። በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ነበር። ሳላዲን ሪጎሬ ሳተ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አየ፣ አንድ ጎል ገባብን፤ በአስር ሰው ግን አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። አባቴ ያን ቀን ሰፈር ካፌ ውስጥ ቆሞ ነው ያየው፣ መቀመጫ ስላልነበረ። እንዲያውም ቀኗን ስታዘል ምን ሆነች መሰላችሁ? ጥር 13! ልክ ዋንጫውን ባነሳንበት ቀን፣ ከ51 ዓመት በኋላ። ይሄን ያገኘሁት እኔው ነኝ፣ ማንም አልነገረኝም።

ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈን (በፍጥነት እንለፈው)። በሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ በረኛችን ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ። ሦስቱም ቅያሪ አልቋል! አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ጎል ውስጥ ቆመ። ዳኛችን ይሄን ስነግራት አፏን ይዛ ቀረች፤ በረኛ ስለሆነች የገባት እሷን ነው። ዛሬ ቅያሪ አምስት ደርሷል፣ እኔ ግን አንዷን ቆርኪ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ አስቀምጣታለሁ።

የጓደኛዬን ቡድን ደግሞ ስሙት። በረኛ ያሺን፣ የወርቅ ኳስ ያሸነፈ ብቸኛው በረኛ። ካፉ፣ ቤከንባወር፣ ባሬሲ፣ ማልዲኒ። አማካይ ዚዳንና ማራዶና። ፊት ሜሲ፣ ፔሌ፣ የብራዚሉ ሮናልዶ፣ ክሩይፍ። አሰላለፉ 4-2-4፣ ብራዚል በ1950 ዓ.ም. ስዊድን ላይ ፔሌ ገና የ17 ዓመት ልጅ እያለ የዓለም ዋንጫ የበላችበት። ስሙን ሲጠራው ብቻ ያስፈራል። እኔ ግን ስሙን ትቼ ቁጥሩን አየሁት። መሃል ሜዳ ላይ እሱ ሁለት፣ እኔ ሦስት። የሱ ሁለቱ ደግሞ ኳስ ሲኖር ንጉሥ ናቸው፣ ኳስ ሲነጠቁስ? ጋቶችን የመሰለ የሚነጥቅና የሚሸፍን ሰው የላቸውም።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ዳኛችን «የት ነው የምትጫወቱት?» አለች። እኔ ቶሎ ብዬ «አዲስ አበባ ስታዲየም!» አልኩ። ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ያልለመደውን ሰው ያደክማል። አባባም በተጨማሪ ሰዓቱ «ግብፆች እግራቸው ተሳሰረ ሲባል ሰማን» ይላል። ጓደኛዬ «ሜሲን አየር አያደክመውም» ሲል ምስክር አቀረብኩ። በ2001 ዓ.ም. ቦሊቪያ ላፓዝ ላይ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ አርጀንቲናን 6 ለ 1 ቀጥታለች። ሜሲ ሜዳ ውስጥ ነበር። አሰልጣኙ ማን ነበር? ማራዶና! ክፍሉ ጮኸ።

ጓደኛዬ ግን ነገረኛ ነው። «እሺ፣ ግን አዲስ አበባ ስታዲየም በካፍ ስላልተፈቀደ ማላዊ ሂዱና ተጫወቱ» አለ። በዚህ የሳቀ አልነበረም። እውነት ነዋ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ፣ ባለሜዳ ተብለን የተጫወትነው ሊሎንግዌ ነው። ግብፅን ከስንት ዘመን በኋላ አሸንፈን ከግንቡ ውጪ ቆሞ የሚጮህ የአዲስ አበባ ልጅ አልነበረም። አባባ ያን ጨዋታ በቴሌቪዥን አይቶ «ደስ ይላል፣ ግን ጩኸቱ የለም» አለ አሉኝ። ሊሎንግዌ ደግሞ ከፍታዋ የእኛን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የአየሩን ነገር ተዉት ማለት ነው። እኔ ያን ሰዓት ስለ ቆርቆሮው አጥር እያሰብኩ ነበር። ለካ ሜዳ ያጣነው እኛ ብቻ አይደለንም።

ዳኛችን ብዙ አሰበች። በመጨረሻ «ተጫዋቾቹ የድሮ ከሆኑ ስታዲየሙም የድሮ ይሁን፤ የ1954 ስታዲየም ተፈቅዷል» አለች። ይቺ ልጅ አንድ ቀን ትልቅ ዳኛ ትሆናለች፣ የኳስ ይሁን የፍርድ ቤት አላውቅም።

ተጀመረ። በመጀመሪያው ማጥቃቴ ጋቶች ኳሱን ከማራዶና እግር ላይ አነሳ፣ ለሉቻኖ ሰጠ፣ ሉቻኖ ለሽመልስ። ዳኛችን «ሽመልስን ማን ነው የሚይዘው? ዚዳን ይመለሳል?» አለች። ጓደኛዬ በኩራት «ዚዳን ለምን ይሮጣል?» አለ። አለቀለት። ሽመልስ ለሳላዲን፣ ሳላዲን ሁለቱን መሃል ተከላካዮች ይዞ ወደ ጎን ወጣ፣ በተከፈተው በር መንግሥቱ ገባ። ያሺንም ቢሆን አያድናትም። 1 ለ 0። የሌላ ክፍል ልጆች ሁሉ በመስኮት መጡ።

ከዚያ ሜሲ መጣ። ከቀኝ ተነስቶ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሜሲ በቀኝ ከመጣ ደግሞ የሚገጥመው የኔን ግራ ነው። ዳኛችን «ማን ነው የሚይዘው?» አለች። እኔ ግራ ላይ ያስቀመጥኩት ቆርኪ ስም አልተጻፈበትም። ደጉን ላምጣው ብል ሮናልዶ ይለቀቃል። ጋቶችን ላምጣው ብል ማራዶና ይለቀቃል። 1 ለ 1። በሁለተኛው ማጥቃት ያው መንገድ፣ ፔሌ በቴስታ። በሦስተኛው ሱሌማንን ወደ መሃል ስቤ ለመዝጋት ሞከርኩ፣ ኳሱ ተሻግሮ ክሩይፍ ብቻውን አገኘው። 3 ለ 1።

በአራተኛው አየሩ ሠራልኝ። ዳኛችን «ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ እንግዶቹ ደክመዋል» ብላ ወሰነች፣ የላፓዝን ነገር አስታውሳ። ኪሴ ውስጥ የነበረችውን ቆርኪ አውጥቼ አቡበከርን አስገባሁ። እሱ ማልዲኒን ይዞ ሲሮጥ ኢታሎ ከኋላ መጥቶ አገባ። 3 ለ 2። በአምስተኛው ሉቻኖ ከርቀት መታ፣ ያሺን በጣት ጫፍ ወደ ኮርነር አወጣው። እሱንም ተከራክሬ ነበር፤ ዳኛችን ግን «በረኛን ለኔ ተዉልኝ» አለች። ደወል ተደወለ።

3 ለ 2 ነው የተሸነፍነው። «ስንት ለዜሮ ይሁንልህ?» ያለኝ ልጅ ቆርኪዎቹን ሲሰበስብ የመንግሥቱን ቆርኪ ገልብጦ ስሙን ሁለቴ አነበበው። «ይሄን ሰውዬ ለሚቀጥለው ሳምንት ለኔ ሸጥልኝ» አለኝ። አልሸጥም አልኩት።

እንግዲህ የቀረኝ የግራ ተከላካይ ነው። አባቴ አበባው ቡታቆን ይላል። ዳኛችን ከቅርቦቹ ረመዳን የሱፍን ትላለች። አባባ ደግሞ «የኔ ዘመን ሰዎች አሉ፣ ቆይ ላስታውስህ» ብሎ ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ማታ ማታ ራት ላይ ቀና ብሎ አንድ ስም ሊናገር ይልና ይተወዋል። የመልስ ጨዋታው የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው አርብ ነው፣ በትልቁ እረፍት፣ እኛ ክፍል። ከእናንተ መሃል ወይም ከመምህራን መሃል ሜሲን በግራ በኩል ሊይዝ የሚችል ኢትዮጵያዊ የሚያውቅ ካለ ስሙን በወረቀት ጽፎ በሚኒ ሚዲያው ሳጥን ውስጥ ይክተትልን። ምስክሩን ግን አትርሱ። ያየው ሰው አያታችሁ ከሆኑ፣ የት ቆመው እንዳዩም ጻፉ።